የላፕቶፕ አዳፕተር ስለ ምን ይግላል?
የአንድ ሙቀት አጭር ታሪክ

ማታ በንባብ አዳራሽም ሆነ በማደሪያ ክፍላችን ላፕቶፑን ከሶኬት ጋር አገናኝተን ስንሠራ፥ በገመዱ መካከል ያለችው ትንሽ ጥቁር ሣጥን እየሞቀች ትሄዳለች። ብዙዎቻችን ቻርጀር እንላታለን፤ የሚገባት ስም ግን አዳፕተር ነው። ባትሪውን የሚሞላውና የሚቈጣጠረው ክፍል የሚገኘው በላፕቶፑ ውስጥ ነውና፥ የሣጥኗ ተግባር የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለላፕቶፑ እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ብቻ ነው። አንዱ ጓደኛችን ሙቀቱን ሲነካ «ተበላሽቷል» ይላል፤ ሌላው «ሁሉም እንዲሁ ነው» ብሎ በብርድ ልብስ ሥር ትቶት ይተኛል። ሁለቱም በከፊል ተሳስተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሙቀቱን ታሪክ ከመነሻው ተከትሎ፥ መሐንዲሶች እጅግ እንዳሳነሱት፥ ነገር ግን እንዳላጠፉት፥ አደጋውም ሰው ከማይጠረጥረው ቦታ ሊነሣ እንደሚችል ማስረዳት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ መነሻው

ነገሩ የሚጀምረው ላፕቶፕ ከመታሰቡ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አጠገብ የተወለደው የቢራ ጠማቂ ልጅ ጄምስ ፕሬስኮት ጁል፥ በ1840 እና በ1841 ባወጣው ምርምር፥ ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረው ሙቀት በሁለት ነገሮች እንደሚወሰን አሳየ። አንደኛው የሽቦው ሬዚስታንስ፥ ማለት ፍሰቱን የሚገታው ጠባዩ ነው፤ ሁለተኛው ፍሰቱ ራሱ ነው። ከሁለቱም ፍሰቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፥ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናልና። አንባቢ ይህን ሕግ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ያስፈልገናል።

ሁለተኛው መነሻ ትራንስፎርመር ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1831 ባገኘው ሕግ ላይ ተመሥርቶ፥ ዊልያም ስታንሊ በ1886 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በግሬት ባሪንግተን ከተማ ለሱቆች በትራንስፎርመር አማካይነት መብራት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ፍሰት ሆነ። በአገራችን ይኸው ፍሰት 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። ላፕቶፕ ግን የሚፈልገው አቅጣጫው የማይለወጥ፥ ብዙውን ጊዜም 19 ወይም 20 ቮልት የሆነ ፍሰት ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚውም ሁልጊዜ ድርሻውን ይወስዳል። ድርሻውም ሙቀት ነው።

፪፤ ከከባድ ብረት ወደ ፈጣን ትራንዚስተር

የቀድሞው የመለወጫ ዘዴ ቀላል፥ ዕቃው ግን ከባድ ነበረ። በብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያም በኋላ የሚመጣው ክፍል የተረፈውን ቮልት በሙቀት መልክ አቃጥሎ ይጥለዋል። በዚህ ዐይነት ከገባው ኃይል ግማሽ ያህሉ ይባክን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ የምንጠቀምበት የ65 ዋት አዳፕተር በዚያ ዘዴ ቢሠራ ኖሮ፥ 65 ዋት ለላፕቶፑ ሲሰጥ ሌላ 65 ዋት ለአየሩ ይሰጥ ነበር፤ ክብደቱም በቦርሳ ለመያዝ ባልተመቸ ነበር።

ይህን የለወጠው ትራንዚስተር ነው። አዲሱ ዘዴ ትርፉን ቮልት በማቃጠል ፈንታ፥ ፍሰቱን በሰከንድ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ በልክ ያሳልፈዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ትራንስፎርመሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ትርፉም ቮልት ስለማይቃጠል የሚባክነው ኃይል ከቀድሞው ዘዴ ያነሰ ነው። በ1977 ለገበያ የቀረበው አፕል 2 ኮምፒዩተር፥ ሮድ ሆልት በነደፈለት በዚህ ዐይነት መሣሪያ ምክንያት ያለ ማራገቢያ ሊሠራ ችሏል። ከዚህ የተነሣ ዘዴው ከአፕል እንደ ተገኘ የሚናገሩ አሉ፤ ነገር ግን በ1960ዎቹ ዓመታት በጠፈር መሣሪያዎች ላይ ይሠራበት ስለ ነበር፥ አፕል 2 አልፈጠረውም ማለት ይገባናል።

፫፤ ሙቀቱ ከኮምፒዩተሩ ወጣ

በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው ኮምፒዩተር መለወጫው ያለው በሣጥኑ ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ግን ጭን ላይ የሚቀመጥ፥ በእጅም የሚያዝ ስለ ሆነ፥ ክብደቱንና ሙቀቱን ወደ ውጭ ማውጣት አስፈለገ። አዳፕተር የተባለችው ሣጥን እንዲህ ተለይታ ቀረች፤ ሙቀቱ አልጠፋም፥ ከቤት ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ እንጂ።

የባትሪው ለውጥም የራሱን ጫና ጨመረ። በ1989 የወጣው ማኪንቶሽ ፖርታብል የእርሳስ ባትሪ ይዞ ከ7 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ሶኒ በ1991 የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ካቀረበ በኋላ፥ ብዙ ኃይል በትንሽ ክብደት መያዝ ተቻለ። ይህ ባትሪ ባዶ ሲሆን ብዙ ፍሰት ይቀበላል፤ ወደ መሙላቱ ሲቃረብ ግን ፍሰቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ባትሪው ባዶ ሆኖ ላፕቶፑም በሥራ ላይ ሲሆን፥ አዳፕተሩ ሁለት ጌቶች ያገለግላል፤ በዚያች ሰዓት ይበልጥ ቢግል አያስደንቅም። ባትሪው ከሞላ በኋላም ሙቀቱ ካልበረደ ግን መጠርጠር ይገባል።

፬፤ ሕግ አውጪው ገባ

ሙቀት ማለት የባከነ ኃይል መሆኑን መንግሥታትም ተገነዘቡ። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2004 ለአዳፕተሮች የብክነት ወሰን ደነገገ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በ2007 ወጥቶ ከጁላይ 2008 ጀምሮ ሲጸና፥ ከ51 ዋት በላይ የሆነ አዳፕተር ከገባለት ኃይል በአማካይ ቢያንስ 85 በመቶውን እንዲያወጣ አዘዘ። ከፌብሩዋሪ 2016 ጀምሮ ከ49 እስከ 250 ዋት ላሉት ወሰኑ ወደ 88 በመቶ ከፍ አለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2009 የራሱን ደንብ አወጣ።

ቍጥሩን በሂሳብ እንመልከተው። የ65 ዋት አዳፕተር በ88 በመቶ ሲሠራ ከግድግዳው 73.9 ዋት ይወስዳል፤ ብክነቱ 8.9 ዋት ብቻ ነው። ከ65 ዋት ብክነት ወደ 8.9 መውረድ ታላቅ ድል ነው።

፭፤ አደጋው ከወዴት መጣ?

እንዲህ ከሆነ፥ የጋሉና የተቃጠሉ ዕቃዎች ወሬ ስለ ምን አልቆመም? መልሱን ለማግኘት ሁለት የታወቁ ጉዳዮችን እናነጻጽር። በኦክቶበር 2004 ዴል ከ1998 እስከ 2002 የተሸጡ 4.4 ሚሊዮን ያህል አዳፕተሮችን፥ ከመጠን በላይ ግለው እሳት ወይም የኤሌክትሪክ አደጋ ሊያመጡ ይችላሉ በማለት ከመላው ዓለም መልሶ ሰበሰበ። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የሣጥኗ ነበር። በኦገስት 2014 ደግሞ ኤች ፒ በአሜሪካ ብቻ 5.6 ሚሊዮን ያህል ዕቃ ሰበሰበ፤ በዚህኛው ግን የተሰበሰበው ሣጥኗ ሳትሆን ከግድግዳው ወደ እርሷ የሚወስደው ገመድ ነበር። ገመዶቹ ግለው እንደ ቀለጡ ወይም እንደ ከሰሉ 29 ያህል ጥቆማዎች ቀርበው ነበርና።

ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በአሜሪካ ቮልቴጅ እንኳ ወደ አንድ አምፔር ገደማ ነው፤ ደኅነኛ ገመድ በዚህ መጠን አይግልም። ሊግል የሚችለው በአንድ ቦታ ላይ መያያዣው ሲላላ ወይም ክሩ ሲበጠስ፥ በዚያች ነጥብ ሬዚስታንሱ ሲጨምር ነው። በላፕቶፑ በኩል ባለው ጫፍ ነገሩ ይብሳል፤ 65 ዋት በ20 ቮልት 3.25 አምፔር ነውና። በዚያ ጫፍ 0.1 ኦም የምታህል መጥፎ ግንኙነት ብትኖር፥ በጁል ሕግ ከ1 ዋት በላይ ሙቀት በአንዲት ቀጭን ፒን ላይ ይከማቻል። ሣጥኗ 8.9 ዋት በሰፊ ገጿ ስትበትን፥ ፒኗ ግን የምትበትንበት ገጽ የላትም። ስለዚህ የሙቀቱን መጠን ብቻ ሳይሆን የሚገኝበትንም ቦታ መጠየቅ አለብን።

፮፤ ሣጥኗ ስታንስ

በቅርብ ዓመታት በሲሊኮን ፈንታ ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ውሁድ በአዳፕተሮች ውስጥ ገብቷል። ይህ ውሁድ ለሰማያዊ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ መሠረት በመሆኑ ለአካሳኪ፥ ለአማኖና ለናካሙራ የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያስገኘ ነው። ከሲሊኮን ይልቅ በፍጥነትና በትንሽ ብክነት ይከፍታል፥ ይዘጋልም። ነገር ግን አንድ ስሌት እንሥራ። የቀድሞዋ ሣጥን 10 በ5 በ3 ሴንቲ ሜትር ብትሆን፥ የገጿ ስፋት 190 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 8.9 ዋት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ካሬ 0.047 ዋት ይደርሳል። አዲሷ 5 በ5 በ3 ሆና በ93 በመቶ ብትሠራ፥ ብክነቷ 4.9 ዋት፥ ገጿም 110 ካሬ ይሆናል፤ ለካሬው 0.045 ዋት ማለት ነው። ብክነቱ በግማሽ ያህል ሲቀንስ፥ እጃችን የሚሰማው ሙቀት ግን እምብዛም አልተለወጠም። የተገኘውን ትርፍ ሣጥኗን በማሳነስ አውጥተነዋል።

በ2021 የዩኤስቢ ደንብ አውጪዎች የኃይሉን ወሰን ከ100 ወደ 240 ዋት ከፍ ሲያደርጉ፥ ፍሰቱን በ5 አምፔር ላይ አቁመው ቮልቱን ወደ 48 አሳደጉት። ፍሰቱን ቢጨምሩት የገመዱ ሙቀት በጁል ሕግ መሠረት ይባዛ ነበርና። የ1841 ሕግ በ2021ም ያዝዛል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች እንማራለን። መጀመሪያ፥ የአዳፕተር መሞቅ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ሁለተኛ፥ ሣጥኗ የተሠራችው አየር እንድታገኝ ታስቦ ነው፤ በትራስና በብርድ ልብስ ሥር ስትቀበር ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። በውስጧ ያሉት ካፓሲተሮችም በ10 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ሦስተኛ፥ ከሣጥኗ ይልቅ ጫፎቹን እንመርምር፤ ስፒናው ሲላላ፥ ፒኑ ሲጠቍር፥ ገመዱ በአንገቱ ላይ ሲሰነጠቅ፥ የፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ፥ ዕቃው የሚጣልበት ሰዓት ደርሷል።

በአንድ ማከፋፈያ ላይ አራት አምስት ሆነን በምንሰካበት ማደሪያ ይህ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ በአንዱ መዘናጋት ከግድግዳው ወዲያ የተኛው ሌላው ነውና። መሐንዲሱ ከ65 ዋት ብክነት ወደ 8.9 አውርዶልናል፤ የቀረውን መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።