ቤንዚንና ጣና፦ ከደንገል ታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የ1966ቱን አብዮት እያስተማርኩ ነበር። ዓረቦችና እስራኤል ተዋጉ፣ ነዳጅ በዓለም ላይ ተወደደ፣ የእኛም መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፣ የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። አስተማሪውም፣ ወታደሩም፣ ተማሪውም በየፊናው ተነስቶ ስለነበር ነገሩ ዙፋን ድረስ ደረሰ። «አያችሁ፣ ቤንዚንም ታሪክ ይሠራል» አልኳቸው።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ የዓሣ አስጋሪ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የጀልባ ቤንዚንስ ታሪክ የለውም?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ልጅነቴ ያለፈው አጎቴ ጀልባ ላይ የቤንዚን ጀሪካን ታቅፌ ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው፣ እሱም ያነበዋል፣ እናንተም አንብቡት።

ጣና ላይ ለብዙ ዘመን ጀልባ ማለት ታንኳ ነበር። ከደንገል የሚሠራ፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ። የዚህ ጥበብ ባለቤቶች በዋናነት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። እኛ ስማቸውን በንቀት እየጠራን አደግን እንጂ ሐይቁን ያወቁት እነሱ ናቸው። የታንኳ «ነዳጅ» ክንድና እንጀራ ነው። ክንድ ደግሞ ሩቅ አይወስድም። ስለዚህ የሚሰገረው ዳር ዳሩ ነበር። መሀል ሐይቁና ሩቁ ዳርቻ ለዓሣው ቀረ። ሕግ ያወጣ ሰው አልነበረም፣ ክንዱ ራሱ ሕግ ነበር።

ሞተሩን ያመጣው ሌላ ዓለም ነው። ጀልባ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ሞተር የሠሩ ሌሎችም ነበሩ፤ በሰፊው ገበያ ያወጣው ግን ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1909። ለእጮኛው አይስክሬም ሊያመጣ በሙቀት ሐይቅ ሲቀዝፍ፣ አይስክሬሙ ቀልጦበት ነው ያሰበው ይባላል። የመጀመሪያው ሞተሩ ጉልበት የአንድ ፈረስ ተኩል ነበር።

ወደ ጣና ዓሣ ማስገር ሞተር የገባው እ.ኤ.አ. በ1986፣ በእኛ 1978 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ በደርግ ጊዜ። ኡርክ ከምትባል የሆላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ በመጣ የቤተክርስቲያን ድርጅት እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አብረው መጡ። በሞተር ጀልባ የሚሰገረው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 39 ቶን ነበር። በ1997 ወደ 360 ቶን ደረሰ። በአሥር ዓመት ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ብዙ ቤት በዚህ በላ፣ ብዙ ልጅ ተማረ። እኔም አንዱ ነኝ፣ ዲፕሎማዬን የያዝኩት በአጎቴ ዓሣ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ልሰድበው አልችልም።

ግን ሌላም ቁጥር አለ። ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ከደርዘን በላይ ዝርያው ከጣና ሌላ የትም የማይገኘው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሦስት አራተኛ ያህሉ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈዋል። ለምን? ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከነሐሴ እስከ መስከረም እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁ መረብ ይጠብቃቸዋል። ሁሉም ሰው ጥፋቱን በመረቡ ላይ ይደፋል። ልክ ነው። ግን መረቡን እዚያ ድረስ ያደረሰው ማን ነው? ቤንዚን ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። አጎቴ ደብተር ነበረው። በአንድ በኩል የቀዳውን ሊትር፣ በሌላው ያመጣውን ኪሎ ይጽፋል። ልጅ እያለሁ ደማሪው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ጀሪካን ለአንድ ጉዞ ይበቃ ነበር። እያደር ጀሪካኑ ሁለት ሆነ፣ ኪሎው ግን አልጨመረም። አንድ ማታ ደብተሩን ዘጋና «አንተ፣ እኔ እኮ አሁን የማሰግረው ለቤንዚን ነው» አለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ በተነሳበት ሰዓት፣ መሀል ላይ ቤንዚን አለቀብን። ማዕበሉ ጀልባውን ወደ ጎን ይገፋታል፣ አጎቴ ዝም ብሏል፣ እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ። ያዳነን አንድ ወይጦ ሽማግሌ ነው። በታንኳው መጥቶ አጎቴን ከነባዶ ጀሪካኑ ወደ ዳር ወሰደው፣ ከሌላ አስጋሪ ተበድረው ተመለሱ። ሞተርን መቅዘፊያ አዳነው። ከዚያ በኋላ አጎቴ ቤንዚኑን ሦስት ቦታ ይከፍል ጀመር፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለነፋስ። የነፋሱን ሰላም ባለ ቀን አይነካውም።

ቀስ እያለ የተማራቸውን ሌሎቹንም ልንገራችሁ፣ ዛሬም ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻ አለማዞር። ጭነት ይዞ ውኃውን እየሰነጠቀ ለሚሄድ ከባድ ጀልባ፣ ፍጥነቱን አንድ አምስተኛ ብትቀንሱ በሰዓት የሚበላው ቤንዚን ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጊዜው ስለሚረዝም በኪሎሜትር የምታተርፉት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ሞተር አምራቹ 50 ለ1 ካለ፣ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ነው። «ይጠንክር» ብሎ ዘይት መጨመር ካንዴላ ማበላሸት ነው። ሦስተኛ፣ ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። 15 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር እኛ ጋ 12 ወይም 13 ያህል ነው የሚሆነው። ለባሕር የተመረጠ ፕሮፔለር ይከብደዋል፣ እየታፈነ ቤንዚን ይበላል። አነስ ያለ ፕሮፔለርና የተስተካከለ ካርቡራተር ያስፈልገዋል።

ይሄ ሁሉ ድሮ ትንሽ ቁጠባ ነበር። ዛሬ የሞት ሽረት ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። 15 ፈረስ ጉልበት ያለው የድሮ ሞተር እስከ መጨረሻ ከተነዳ በሰዓት ከ6 እስከ 7 ሊትር ይበላል። መረብ ውኃ ሳይነካ በሰዓት ከ600 ብር በላይ ተቃጠለ ማለት ነው። ያውም በጀሪካን የሚቀዳልህ ማደያ ካገኘህ ነው።

እና ለዚያ ተማሪዬ መልሴ ይሄ ነው። አዎ፣ የጀልባ ቤንዚን ታሪክ አለው፤ ያ ታሪክ የተጻፈው አባትህ ወይም አጎቴ ደብተር ውስጥ ነው። ሊትሩ እየጨመረ ኪሎው ሲቀንስ፣ ሞተሩ አርጅቶ ብቻ አይደለም፣ ዓሣው እየራቀ ነው። እጀታ መቀነስ፣ ካንዴላ መጥረግ፣ ፕሮፔለር መቀየር ጥሩ ነው። ግን ትልቁ የቤንዚን ቁጠባ ነሐሴና መስከረም ላይ የወንዝ አፍ ላይ መረብ አለመጣል ነው። ዓሣው ቅርብ ሲሆን ጀሪካኑ አንድ ይሆናል። ታንኳው ይሄንን ያለ ትምህርት ቤት ያውቀው ነበር።

አጎቴ ዛሬ አርጅቷል፣ ጀልባውን ልጁ ይዞታል። ባለፈው እሁድ ደብተሩን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። «ለልጁ ነው፣ ገና መጻፍ አልጨረሰም» አለኝ።

የዓሣ አስጋሪ ቤተሰብ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ደብተር ካለ አትጣሉት፣ በኮመንትም ንገሩኝ። መልካም ሰንበት።