ፈትልም ወጪ ነው

በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሴቶች የላማ ጸጉር ፈትለው ይሸምናሉ። እኛ ራያ ቆቦዎች ላማ ባይኖረንም፣ ከበላያችን ባለው ደጋ፣ በግዳንና በላስታ፣ በግ አለ። የቆላ እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ፣ የደጋዎቹ ደግሞ የበግ ጸጉር በእንዝርት ይፈትሉ ነበር። ጸጉሩ ከተሸለተ በኋላ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ይፈተላል፤ ከዚያ ሸማኔው ባና ወይም በርኖስ ይሠራዋል። መንዝም በዚሁ ሙያ የታወቀ ነው።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተከፈተ። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገበያውን ሲይዝ የባና ፈላጊ ቀነሰ። በ1965/66 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ከብቱም በጉም አለቀ፤ የብዙ ቤት እንዝርትም ቆመ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር አልተጻፈም። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ የበርካታ ሴቶች ፈትል ያስፈልገዋል። ልብሱ ሲሸጥ ግን የሚቆጠረው የጸጉሩ ዋጋና የሸማኔው እጅ ነው፤ የፈታይዋ ቀናት «የቤት ሥራ» ተብለው ይታለፋሉ።

ስለዚህ እህቶች፣ ማኅበራችን ጥጥም ሆነ ጸጉር ሲያስፈትል የፈትሉ ቀን በመዝገብ ይግባ፤ ዋጋ የሚወጣውም እሱ ከተደመረ በኋላ ይሁን። ለጋሾቻችንም ሒሳባችንን ሲያዩ ይህን መስመር ይፈልጉ።