ግታት፦ «ኦሙ ስንት ነው?» ስንል የምንጠይቀው ነገር ስም

አንድ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር አምፕሊፋየሩን ነቅሎ በፌስታል ይዞ ወደ ጥገና ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር የሞተ መሰለኝ» አለኝ። «ዝቅ አድርጌ ሳዳምጥ ደህና ነው። ዘፈኑ ጦፎ ቤዙ መምታት ሲጀምር ጭጭ ይላል፤ ቀይ መብራትም ይበራበታል። አጥፍቼ ሳበራው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል።»

አምፑን ፈትቼ አየሁት። የጠቆረ ነገር የለውም፤ የተቃጠለ ሽታም የለውም። ጤነኛ ነበር። ስለዚህ ወደ መኪናው ሄድን። ከመጨረሻው ወንበር ኋላ፣ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ባለ 10 ኢንች ሳብዉፈሮች ተገጥመዋል።

«ኦሙ ስንት ነው?» አልኩት።

«አራት አራት። እያንዳንዳቸው ደግሞ ድርብ ጥቅል ናቸው። አራት ጊዜ አራት አሥራ ስድስት ነዋ!»

ቴስተሬን አወጣሁ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካክቼ የራሳቸውን ሽቦ ለካሁ፤ 0.2 አለ። ቀጥሎ ወደ አምፑ የሚገባውን የሳብዉፈር ገመድ ጫፍና ጫፍ ነካሁ። 1.1 አሳየ። የቴስተሩ ሽቦ ሲቀነስ 0.9። አሥራ ስድስት የተባለው አንድ እንኳ አልሞላም። አምፑ ጀርባ ላይ ደግሞ ከ2 ኦም በታች እንዳይጫንበት በጉልህ ተጽፏል።

ይህ ሹፌር ሒሳብ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ባለማወቁ ነው፤ ለዚህም ተጠያቂዎቹ እኛ የሙያው ሰዎች ነን ብዬ አምናለሁ። ኦም ለሚለካው ነገር ስም አልሰጠንም። «ኪሎህ ስንት ነው?» እንደምንለው ሁሉ «ኦሙ ስንት ነው?» እንላለን፤ በመለኪያው ስም የሚለካውን ነገር እንጠራለን። ኪሎ ላይ ችግር የለውም፤ ክብደት የሚባል ነገር እንዳለ ሁሉም ያውቃልና። ኦም የሚለካው ግን ምንድን ነው? ሹፌሩ ጉልበት መሰለው። ቁጥሩ በበዛ መጠን ሳብዉፈሩ የሚበረታ፣ ሲደማመርም የሚጨምር መሰለው።

የሚለካው ነገር በእንግሊዝኛ ኢምፒዳንስ ይባላል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠረው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። ሄቪሳይድ በ16 ዓመቱ ከትምህርት ገበታ የወጣ፣ ቴሌግራፍ ቤት ተቀጥሮ የሠራ፣ የቀረውን ዕውቀት በራሱ ያነበበ ሰው ነበር። ቃሉን ያወጣው «ማደናቀፍ፣ ወደኋላ መያዝ» የሚል ትርጉም ካለው የዘወትር ግስ ነው። ስለዚህ የቋንቋው ተናጋሪ ትምህርቱን ባይማርም ቃሉን ሲሰማ አንድ የሚይዝ፣ የሚከለክል ነገር እንዳለ ጆሮው ይነግረዋል። ለእኛ ግን «ኢምፒዳንስ» ድምፅ ብቻ ነው። ከየትኛውም ግሳችን ጋር አይዛመድም።

እኔ ግታት እንበለው እላለሁ።

ገታ ከሚለው ግስ ነው። ፈረሰኛ ፈረሱን በልጓም ይገታል፤ ሰው ንዴቱን ይገታል። መግታት ፈጽሞ ማቆም አይደለም፤ ልክ ማበጀት ነው። ፈረሱ ይሄዳል፣ ግን ልጓሙ በፈቀደለት ፍጥነት። የቃሉ አወጣጥም አዲስ አይደለም፤ ሰፋ ብለን ስፋት፣ ጠራ ብለን ጥራት፣ ጸና ብለን ጽናት እንላለን። ገታ ብለን ግታት ብንል ቋንቋው የሠራውን መንገድ ተከትለን ነው። ስፋት በሜትር እንደሚለካ፣ ግታት በኦም ይለካል።

ሌሎች ቃላትንም አስቤ ነበር። «ተቃውሞ» የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን ለሬዚስታንስ ቢቀር ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ። «እገታ» ለትርጉሙ በጣም የቀረበ ነበር። ዛሬ ግን እገታ ሲባል የሚሰማን መንገድ ላይ ተይዞ ቤተሰቡ ገንዘብ የሚጠየቅበት ሰው ነው። ያን ሕመም የተሸከመ ቃል ለድምፅ ማጉያ መስጠት አልፈለግሁም። «ግትርነት» ደግሞ ገተረ ከሚል ሌላ ግስ የመጣ ነው፤ ግትር ነገር አይለወጥም፣ ግታት ግን ይለዋወጣል።

ግታት ከተቃውሞ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሳብዉፈር ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ነው፤ እንደማንኛውም ሽቦ ከረንት ሲያልፍበት የራሱ ተቃውሞ አለው። ቴስተር የሚያነበው ይህንን ብቻ ነው። «4 ኦም» የተባለ ሳብዉፈር በቴስተር ብዙውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 3.8 የሚያሳየው ለዚህ ነው፤ ደንበኞች «ተታለልኩ» እያሉ ይመጣሉ፣ አልተታለሉም። ሙዚቃ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል። ጥቅሉ በማግኔት መሐል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዝ እንደ ትንሽ ጀኔሬተር ይሆንና ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ያም ቮልቴጅ ከአምፑ የሚመጣውን ይገፋዋል። ስለዚህ የሳብዉፈሩ ግታት እንደ ድምፁ ድግግሞሽ ከፍና ዝቅ ይላል። እያንዳንዱ ከበሮ የራሱ ድምፅ እንዳለው፣ እያንዳንዱ ሳብዉፈርም በቀላሉ የሚወዛወዝበት የራሱ ድግግሞሽ አለው። እዚያ ላይ ሲደርስ ውዝዋዜው ስለሚበረታ መልሶ የሚገፋውም ቮልቴጅ ይበረታል፤ 4 ኦም የተባለውም ብዙ እጥፍ ሆኖ 20ንም ሊያልፍ ይችላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 4 እንግዲህ መጠሪያ ነው፤ አምፑ በሙዚቃው ውስጥ የሚገጥመው ዝቅተኛ ግታት ወደዚያ ገደማ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሹፌሩ ስህተት። አምፕ የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው እንበል፤ 20 ቮልት። ጌዎርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት ከረንቱ ቮልቴጁ ለግታቱ ሲካፈል ነው። በ4 ኦም ግታት 5 አምፒር ያልፋል፤ ኃይሉ 100 ዋት። ግታቱን 2 ስናደርገው 10 አምፒርና 200 ዋት። 1 ስናደርገው 20 አምፒርና 400 ዋት። ልጓሙ በላላ ቁጥር ፈረሱ ይከንፋል። የአምፑ ውስጥ ትራንዚስተሮች ግን የሚችሉት ልክ አላቸው፤ ከዚያ ሲያልፍ ይግላሉ። ጥሩ አምፕ ራሱን ለማዳን ቀዩን መብራት አብርቶ ይዘጋል። መከላከያው ደካማ የሆነ ደግሞ ይቃጠላል፤ ያኔ ሽታውን መኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ የሁለቱ ሳብዉፈሮች አራት ባለ 4 ኦም ጥቅሎች እንዴት አንድ ኦም ሆኑ? አንድ ጠባብ በር ያለው አዳራሽ አስቡ፤ ሕዝቡ እየተጋፋ ይወጣል። ጎኑ ላይ ሌላ እኩል ጠባብ በር ቢከፈት መጨናነቁ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው በር ራሱ ጠባብ ቢሆንም። ጥቅሎችን ጎን ለጎን ማሰር፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ማገናኘት፣ በር መጨመር ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ጎን ለጎን 2 ይሆናሉ፤ አራቱ ደግሞ 1። በተከታታይ ማሰር ግን ሌላ ነው፤ የአንዱን ኔጌቲቭ ከቀጣዩ ፖዘቲቭ ጋር ስናያይዝ ከረንቱ ሁለቱንም በሮች በየተራ ማለፍ አለበት፤ ያኔ ግታቱ ይደመራል፣ 4 እና 4 ስምንት ይሆናል። የሹፌሩ 16 እውነት የሚሆነው አራቱም በተከታታይ ቢታሰሩ ነበር። ሳብዉፈሮቹን የገጠመው ሰው ግን አራቱን ጎን ለጎን አድርጎ ሄዷል፤ አምፑ ላይ የተጻፈውንም አላየም።

ያደረግነው ቀላል ነው። የእያንዳንዱን ሳብዉፈር ሁለት ጥቅሎች በተከታታይ አሰርን፤ 8 እና 8 ሆኑ። ሁለቱን ሳብዉፈሮች ጎን ለጎን ስናገናኛቸው 4። ቴስተሩ 3.6 አለ። ሹፌሩ ፊቱ ጠቆረ፤ «ታዲያ ዋቱ ቀነሰብኝ አይደል?» አለኝ። በወረቀት አዎ። አምፑ ከሚፈቅደው ከ2 ኦም ጋር ሲነጻጸር ዋቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን ግማሽ ዋት ማለት ለጆሮ ግማሽ ድምፅ አይደለም፤ የ3 ዴሲቤል ልዩነት ነው፣ የሚሰማ ግን ትንሽ። ዘፈኑን ጣራ ድረስ ከፈትነው፤ አልጠፋም።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስለሆነ። ከሁለቱ ሳብዉፈሮች አንዱ ተገልብጦ ቢታሰር ግታቱ አይለወጥም፤ ቴስተሩም ምንም አይነግራችሁም። ነገር ግን አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ቤዙ ይጠፋል። ድርብ ጥቅል ባለው በአንዱ ሳብዉፈር ውስጥ ይህ ቢፈጠር ደግሞ ሁለቱ ጥቅሎች እርስ በርስ ተጎታትተው አየሩን የሚገፋው የሳብዉፈሩ ወረቀት ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሽቦው ዝም ብሎ ይግላል። ማወቂያው የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ነው። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ለአፍታ ነካ ሲያደርጉት ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል።

ባለ ሁለት ቻናል አምፕን አንድ አድርጎ፣ ብሪጅ አሠርቶ ለሚያገናኝም ግታት የሚለው ቃል ይጠቅመዋል። ብሪጅ ሲደረግ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የግታቱን ግማሽ ነው። 4 ኦም ሳብዉፈር ብሪጅ ላይ ሲገባ ለእያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም ነው። አምፑ ለብሪጅ 4 ኦም የሚል ከሆነ 2 ኦም መጫን አይቻልም።

የባትሪው ገመድ ላይም ነገሩ ያው ነው። ከሞተር ክፍል እስከ ኋላ የሚሄደው ወፍራም ገመድ የመኪናው ብረት ጠርዝ እየፋቀው ላስቲኩ ቢላጥና ከቦዲው ጋር ቢነካካ፣ ከረንቱን የሚገታው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ባትሪው ያለውን በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል፤ ገመዱ ይቀላል፣ ምንጣፉ ይያያዛል። ፊውዙ አምፑ አጠገብ ሳይሆን ከባትሪው በ45 ሴንቲሜትር ውስጥ መገጠም ያለበት ለዚህ ነው። አምፑ አጠገብ ያለ ፊውዝ አምፑን ይጠብቅ ይሆናል፤ መሐል ላይ ያለውን አራት ሜትር ገመድ ግን አይጠብቅም። በገበያ የሚሸጠው ርካሹ ገመድ አብዛኛው አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተለበጠ ነው። ቢላ ይዘው ጫፉን ፋቅ ቢያደርጉት ውስጡ ነጭ ይሆናል፤ ያኔ አንድ ቁጥር ወፍራም ይግዙ።

ቃሉ እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት በዚያው ቀን ነው። ሹፌሩ ሊሄድ ሲል ረዳቱ መጥቶ ምን እንደነበረ ጠየቀው። «ግታቱ ወርዶ ነው» አለው። «አምፑ ከሚችለው በላይ ይለቅ ነበር።» ረዳቱ ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀም።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ደንበኛ ሲመጣ «ኦሙ ስንት ነው?» ከማለት «ግታቱ ስንት ኦም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም አንባቢዎች ሳብዉፈር ስታስገጥሙ ገመዱ አምፑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቴስተር አስነኩ። የቴስተሩ ሽቦ ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር አምፑ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ግታት በብዙ የሚያንስ ከሆነ፣ ለምሳሌ አምፑ 2 እያለ ቴስተሩ 1 አካባቢ ካሳየ፣ አታብሩት፤ እንደገና ይታሰርላችሁ።