በሮማ ከተማ ስለሚገኘው ስለ ሚልቪዮ ድልድይ

የመስቀል በዓል በደረሰ ጊዜ መምህራኖቻችን የንግሥት እሌኒን ታሪክ ሲያስተምሩ፥ አስቀድመው የልጇን የቆስጠንጢኖስን ነገር ያነሣሉ፤ የብርሃን መስቀል በሰማይ ማየቱን፥ በዚያም ምልክት ጠላቱን ድል መንሣቱን ይነግሩናል። ነገር ግን ድሉ የተደረገበት ስፍራ ዛሬም በእግር የሚረገጥና በእጅ የሚዳሰስ የድንጋይ ድልድይ መሆኑን ከምእመናን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔ ወደ ሮማ በሄድሁ ጊዜ አይቼዋለሁና፥ ለቤተ ክርስቲያናችን በዓለ ኢዮቤልዩ መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሐፍ ያየሁትንና ያነበብሁትን ልጽፍ ወደድሁ። የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ድልድዩ ከከተማው በስተ ሰሜን በቲቤር ወንዝ ላይ ነው። የሕዝብ በር ከሚባለው ከጥንቱ ቅጥር ወጥቶ ፍላሚኒያ በሚባለው ጎዳና ቀጥ ብሎ የሄደ እግረኛ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይደርሳል። ጎዳናው ራሱ የጥንት ነው፤ የሮማ ጭፍሮች ወደ ሰሜን የሚዘምቱበት፥ ነጋዴና ተሳላሚም ከሰሜን ወደ ከተማው የሚገቡበት ነበር። በዚህ ስፍራ ድልድይ እንደ ነበረ ከጌታችን ልደት በፊት ከ207 ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። በድንጋይ ያሠራው ግን ማርቆስ አሚልዮስ ስካውሮስ የሚባል የሮማ ሹም ነው፤ ይህም ከልደት በፊት በ109 ዓመት ነው።

ግንበኞቹ ብልሆች ነበሩ። ቲቤር ክረምት በሆነ ጊዜ እጅግ የሚሞላ ወንዝ ነውና፥ ትላልቁን ቅስት በተሸከሙት ምሰሶዎች ላይ ሌሎች ትናንሽ ቀዳዳዎችን እንደ መስኮት ከፈቱ፤ ውሃው ከፍ ሲል ግንቡን ከመግፋት ይልቅ በእነዚያ ያልፋል። በእርግጥ ዛሬ የሚታየው ድንጋይ ሁሉ የስካውሮስ ዘመን ድንጋይ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፈርሶ ብዙ ጊዜ ታድሷል። በ1805 በሰሜኑ ጫፍ ያለውን ግንብ ቫላዲየር የተባለ መሐንዲስ ሠራው። በ1849 የጋሪባልዲ ወታደሮች የፈረንሳይን ጦር ለማገድ ከድልድዩ ከፊሉን በባሩድ አፈረሱት፤ በሚከተለውም ዓመት ተጠገነ። እንዲሁ እየተቈረሰና እየተጠገነ ሁለት ሺሕ ዓመት አልፎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ312 ኦክቶበር 28 ቀን ሁለት ሰዎች የሮማን መንግሥት ለመያዝ በዚህ ስፍራ ተጋጠሙ፤ አንዱ ከሰሜን የመጣው ቆስጠንጢኖስ፥ ሁለተኛውም ከተማውን ይዞ የተቀመጠው ማክሴንቲዮስ ነው። ማክሴንቲዮስ በቅጥሩ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ የነገሠበት መታሰቢያ ነበርና፥ የጥንቈላ መጻሕፍትን ቢያስጠይቅ፥ በዚያ ቀን የሮማውያን ጠላት ይጠፋል የሚል ቃል አገኘ። ጠላት የተባለው ቆስጠንጢኖስ ነው ብሎ ወንዙን ተሻግሮ ወጣ። ድል በሆነ ጊዜም ሠራዊቱ ወደ ድልድዩ ሲሸሽ፥ እርሱ ከብዙ ጭፍሮቹ ጋር በቲቤር ሰጠመ። በማግሥቱ ሬሳው ከጭቃ ወጥቶ፥ ራሱ በጦር ጫፍ ተሰክቶ ወደ ከተማ ገባ።

ስለ ራእዩ የጻፉት ሁለቱ የዘመኑ ሰዎች በአንድ ቃል አልጻፉም። ላክታንትዮስ፥ ንጉሡ ከጦርነቱ በፊት በሕልም የሰማይን ምልክት በጋሻዎቹ ላይ እንዲያስጽፍ ታዘዘ ይላል። አውሳብዮስ ዘቂሳርያ ግን ከንጉሡ አንደበት በመሐላ ሰማሁ ብሎ፥ ከቀትር በኋላ ከፀሐይ በላይ የብርሃን መስቀል ከጽሕፈት ጋር እንደ ታየው ይተርካል፤ የእኛም መምህራን የሚከተሉት ይህን ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ ልዩነት ይሰናከላል፤ እኔ ግን አልተሰናከልሁም፤ አራቱ ወንጌላውያንም የትንሣኤን ነገር እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አንቀጽ ጽፈዋልና። ይልቅስ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። በ315 ለዚሁ ድል መታሰቢያ በከተማው መካከል በተሠራው የቆስጠንጢኖስ ደጅ ላይ፥ ጭፍሮች በወንዝ ሲሰጥሙ ተቀርጿል፤ መስቀል ግን የለበትም። በድንጋዩ የተጻፈው በመለኮት አነሣሽነት ድል አደረገ የሚል ብቻ ነው፤ የትኛው መለኮት እንደ ሆነ አይናገርም።

ደግሞ ለእውነት ሲባል ይህ ይነገር። በስብከታችን ማክሴንቲዮስ ክርስቲያንን አሳዳጅ ሆኖ ይነገራል፤ ነገር ግን እርሱ በግዛቱ ስደቱን አቁሞ፥ ለቤተ ክርስቲያንም የተወሰደባትን ንብረት እንደ መለሰ ታሪክ ይመሰክራል። እንግዲህ በድልድዩ ላይ የተዋጉት ዙፋን ፈላጊዎች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ጥቅም የመጣው በኋላ ነው፤ በ313 በሚላኖ ስምምነት ለክርስቲያኖች በየሀገሩ በግልጥ ማምለክ ተፈቀደላቸው።

ይህም ጥቅም ወዲያው መከራውን ይዞ መጣ፤ መከራውም እስከ እኛ ሀገር ደረሰ። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ የአርዮሳውያን ወገን ነበረና፥ ቅዱስ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደው። ከዚያም በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፥ ማለት አባታችንን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፥ በእርሱ ፈቃድ በእስክንድርያ ለተሾመው ለጊዮርጊስ እንዲመረመር ወደ ግብጽ ይላኩት ብሎ ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በመከላከያ ጽሑፉ ስለ ገለበጠው እስከ ዛሬ ይነበባል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች። በጋሻ ላይ መስቀል ያስቀረጸው ሰው ልጅ በመስቀሉ ስም ኤጲስ ቆጶሳችንን ሊወስድብን ፈለገ፤ በዚያን ጊዜ ግን ኢዛና በገንዘቡ ላይ መስቀል ያስቀርጽ ነበር። በድልድዩ ላይ ቆሜ ወንዙን ስመለከት ከድሉ ይልቅ ይህን ደብዳቤ አሰብሁ።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ቆስጠንጢኖስን መውደድ አልቀረም፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንኳ ስመ መንግሥታቸውን ቆስጠንጢኖስ አሰኝተዋል። የምንወደው ግን ለመስቀሉ ክብር ነው እንጂ ለሮማ ሰይፍ አይደለም።

ሌላም የዚህ ድልድይ ታሪክ አለ፤ ካህናት ደስ ይላቸዋልና አልተወውም። ቱርኮች የግሪክን አገር በያዙ ጊዜ፥ የቅዱስ እንድርያስ ሐዋርያ ራስ ከፓትራስ ወጥታ ወደ ኢጣልያ ተሰደደች። በ1462 በሰሙነ ሕማማት የሮማው ጳጳስ ፒዮስ ሁለተኛ ከካርዲናሎቻቸው ጋር ወጥተው በዚህ ድልድይ አጠገብ በታላቅ ክብር ተቀበሏት። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፥ በ1964፥ ወደ ፓትራስ ወደ ኦርቶዶክሳውያኑ ተመለሰች።

በድልድዩ አሁን መኪና አያልፍም፤ ለእግረኛ ብቻ ተትቷል። ከ2006 ጀምሮ ወጣቶች ፍቅራችን አይፈታ ሲሉ ቍልፍ በመብራቱ ምሰሶ ላይ እየቈለፉ መክፈቻውን ወደ ወንዝ ይጥሉ ነበር፤ የብረቱ ክብደት ስለ በዛ በ2012 ሹማምንቱ አነሡት። ይህን የነገረኝ ሽማግሌ እየሣቀ ነበር።

ነገር ግን ለአንድ ኢትዮጵያዊ በዚህ ስፍራ ሣቅ አይበዛለትም። የማክሴንቲዮስ መጥፊያ የሆነው ኦክቶበር 28 ቀን በ1922 ፋሺስቶች ወደ ሮማ የዘመቱበት ቀን ሆነ። በ1937 በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የፈጀው ያው መንግሥት፥ በዚያው ዓመት ከአክሱም የዘረፈውን ሐውልት በሮማ አቁሞ፥ በኦክቶበር 28 ቀን በዓሉን አከበረበት። በመስቀሉ 1600 ዓመት የቆየውን ሕዝብ ሥልጣኔ ላስተምር ብሎ የዘመተ ጦር የወጣው ከቆስጠንጢኖስ ከተማ ነበር።

በዚያው ቀን ማታ ከድልድዩ ተመልሼ ሐውልቱ ቆሞበት ወደ ነበረው አደባባይ ሄድሁ። በ2003 ተፈታ፥ በ2005 በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፥ በ2008 በቦታው ቆመ። በሮማ ያለውን አደባባይ መኪናዎች ይዞሩበታል። ጥቂት ቆሜ ጸሎቴን አደረስሁና ወደ ማደሪያዬ ተመለስሁ።