የቦራ ዓይን

ሰው የሞተበት ወዳጁን ፎቶግራፍ ይዞ ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በሬ የሞተበት ገበሬ የበሬውን ፎቶግራፍ ይዞ ሲመጣ ያየሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው ዳባት፣ ቀን የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ግጥም እሞካክራለሁ። ኮምፒውተር እንዳለኝ የሰሙ አንድ አባት አንድ ምሽት ቤቴ መጡ። ቦራ የሚሉት በሬያቸው ከሞተ ወራት አልፈዋል። የቀራቸው ልጃቸው ለበዓል በመጣ ጊዜ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በረት ደጃፍ ላይ በፍላሽ ያነሳው አንድ ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ የቦራ ዓይኖች አረንጓዴ እሳት ይተፋሉ።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ቦራ አይደለም፤ ጅብ ነው። ዓይኑን መልስልኝ» አሉኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ፎቶሾፕ በ2005 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፍላሽ የቀላ ዓይንን የሚያጠፋ መሣሪያ ጨምሯል። በቦራ ላይ ግን አልሠራም። የሰው ዓይን በፍላሽ የሚቀላው ብርሃኑ ከዓይን ጀርባ ያለውን ደም ይዞ ስለሚመለስ ነው። በሬ፣ በግ፣ ውሻና ጅብ ግን ከሬቲናቸው ኋላ እንደ መስታወት የሚያበራ ሽፋን አላቸው። ሽፋኑ ያለፈውን ብርሃን መልሶ ዳግም እንዲያዩበት ያደርጋቸዋል፤ በጨለማ የሚበረቱትም ስለዚህ ነው። የእነርሱ ዓይን የሚያበራው አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ነው። ላይትሩም የተባለው ፕሮግራም ለእንስሳ ዓይን የተለየ ማረሚያ ያወጣው በ2015 ነው።

እናም በእጄ ቀባሁት። አረንጓዴውን አጥፍቼ በቦታው ክብና ጥቁር ብሌን አኖርኩ። ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩና «ይሄስ የሰው ዓይን ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። የበሬ ብሌን ክብ አይደለም፤ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። እኔ ከበሬ ጋር አንድ አገር ኖሬ ይህን አላስተዋልኩም። ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ፤ የእንስሳን ዓይን ለማረም የተነሣ ሰው ሁሉ የሚሰጠው የራሱን ዓይን ነው እንዴ?

ጥያቄው ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ነው። ከደጃችን ብንጀምር፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡንና ጋኔኑን ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሥላሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስም ብዙ ጊዜ በጎኑ ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው፤ ፈረሱን ግን ማንም ኃጥእ አይለውም። ሕጉ የወጣው ለሰው ነውና እንስሳው ከፍርዱ ውጭ ነው። ሆኖም ባየኋቸው አንዳንድ ሥዕሎች የፈረሱ ዓይን ነጩ የሰፋ፣ ጥቁሩ ክብ፣ ቁርጥ የጌታው ዓይን ነው።

ከጎንደር ወደ ስሜን እንውጣ። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሀገራችን መጥቶ የስሜንን ተራራ ወጥቷል። ጭላዳንና ዋልያን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረ እርሱ ነው። የጭላዳንና የዋልያን ስም ከአገሬው አፍ ወስዶ አጻፈ፤ ቀይ ቀበሮንም በስሜን ስም ጠራው። የሰበሰባቸው እንስሳትም የፍራንክፈርቱ ዜንከንበርግ ሙዚየም ገቡ። ቆዳና ቀንድ ባሕር ተሻግሮ ይደርሳል፤ ዓይን ግን አይደርስም፣ ይፈርሳል። ስለዚህ ቆዳ ሞልቶ እንስሳ የሚያቆም ባለሙያ በባዶው ጉድጓድ የመስታወት ዓይን ያስገባል። ላውሻ የተባለችው የጀርመን ከተማ በዚያ መቶ ዓመት በመስታወት ዓይን ሥራ ስሟ የገነነ ነበረች። የዋልያ ብሌን እንደ ፍየል አግድም የተሰነጠቀ ነው፤ የጭላዳ ደግሞ እንደ እኛ ክብ። ይህን ለይቶ ማወቅ ያለበት ተራራውን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነበር። የእንስሳው ስም ከአገሬው ተጠይቋል፤ ዓይኑንስ ማን ይጠየቅ?

የአግድሙ ብሌን ጥቅም በቁጥር የተመረመረው በቅርቡ ነው። በ2015 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው ብሌን ለሣር በል እንስሳ ከመሬት ትይዩ ሰፊ እይታ ይሰጠዋል፤ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥም ዓይኑ በጉድጓዱ ውስጥ ዞሮ አግድምነቱን ይጠብቃል። እየጋጠ ጠላቱን ያያል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዓይን ክብ ያደረገ ሰው መልኩን ብቻ አላበላሸም፤ የኖረበትን ፍርሃትና ጥንቃቄ ጭምር ፍቆበታል።

በማግስቱ ሽማግሌውን አስጠርቼ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። እኔ ቀባሁ፤ እርሳቸው አረሙ። «ወደ ጎን ሳበው... ጠቆር አድርገው... ቡናማው ይቅር፣ ቦራ ጥቁር ነው ዓይኑ።» ብሌኑ ልክ ሆነ፤ ግን የሞተ ዓይን ሆነብን። ከላይ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የብርሃን ነጥብ ጨመርኩ።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣

«አሁን አየኝ» አሉ።