አራተኛው ዛፍ

ባለፈው ዓርብ ኩዌት፣ ሳልሚያ ባለችው ክፍሌ ቡና አፍልቼ አንዲት የአገሬን ልጅ አስተናገድኩ። ሙባረኪያ ገበያ ውስጥ የሁለት ወር ደሞዟን ለማታውቀው ሰው አውጥታ ሰጥታለች። «እትዬ፣ አፍዝ አደንግዝ አደረጉብኝ! የገዛ እጄ ነው ዘርግቶ የሰጣቸው።» ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግረኝ ለመንኳት። አንዱ ወርቅ ነው ያለውን ሀብል ይዞ «ልጄ ታሞብኝ በርካሽ ልሽጥ» ብሏታል። ሌላው ከኋላ መጥቶ «እጥፉን ከፍዬ እወስደዋለሁ፣ ገንዘቤን ላምጣ፣ እንዳይሄድብሽ» ብሏታል። ቸኮለች፣ ከፈለች። ሀብሉ መዳብ ሆኖ ተገኘ።

አልፈርድባትም። «ተታለልኩ» ከማለት «አደነገዙኝ» ማለት ይቀላል። ያሳሰበኝ ግን ይህ ቃል ሌላ ነገርም መሸፈኑ ነው። ሂፕኖሲስ የሚባለውን ስንሰማ ወዲያው አፍዝ አደንግዝ አልነው፤ ሰው በዓይን ወይም በድግምት ፈቃዱን ይነጠቃል ብለን።

አያቶቻችን በዚህ እምነት ይዳኙ ነበር። ሌባ ሻይ ይባል ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ጭስም ያስምጉታል። ወገቡ ላይ በታሰረው መቀነት አንድ ሰው ይዞት፣ ልጁ እየተወላገደ በየሰፈሩ ይሮጣል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። አያቴ ጎንደር ውስጥ ልጁ ደጃቸው ላይ ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይቆም እንደነበር ትነግረን ነበር።

ይህን ሳስብ ሌላ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ የፓሪሱ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1784 ፍራንዝ አንቶን ሜስመር በማይታይ «ማግኔት» በሽታ እፈውሳለሁ ብሎ ከተማውን አስክሮት ነበር። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ መርማሪ ኮሚቴ አቆመ። የአሜሪካው መልእክተኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቮአዚዬ ነበሩበት። ፓሲ በሚገኘው በፍራንክሊን ቤት ግቢ የሜስመር ተማሪ አንዱን የአፕሪኮት ዛፍ ኃይል ሰጠሁት አለ። ከዚያ ዓይኑን የታሰረ የ12 ዓመት ልጅ አመጡና ዛፎቹን አንድ በአንድ አሳቀፉት። ላቡ ወረደ፣ ራሱን አመመው፤ በአራተኛው ዛፍ ሥር ተዝለፍልፎ ወደቀ። አራተኛው ግን ያ ኃይል ተሰጠው የተባለው ዛፍ አልነበረም። ልጁ አላታለለም፣ ከልቡ ነው የወደቀው። የጣለው የራሱ መጠበቅ ነበር። የእኛው ልጅ በስንት ንጹሕ ሰው ደጅ ወድቆ ይሆን?

ሂፕኖሲስ የሚለው ስም የመጣው ቆይቶ ነው። ማንቸስተር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ጄምስ ብሬድ በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ ከግሪኩ «እንቅልፍ» ቃል የወጣውን ስም አስፋፋው። ኋላ ብዙዎቹ ሰዎች ጨርሶ እንዳልተኙ ተረዳና ስሙን ሊቀይር ሞከረ፤ ስሙ ግን አልተፋቀም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሕተት ስሙ ውስጥ ነው ያለው። በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ይሰማል፣ ያስተውላል፣ አልፈልግም ያለውን እንቢ ይላል። ሐሳቡ አንድ ነገር ላይ ተሰብስቦ ሌላው ይደበዝዝበታል እንጂ ባሪያ አይሆንም። ቶሎ የሚገባበት ሰውም ደካማ አእምሮ ያለው ማለት አይደለም።

ይህን ከሐኪም መጽሐፍ በፊት በዛር ቤት አይቼዋለሁ። አያቴ ባለዛር ነበረች። ሰይፉ ጨንገር የሚባለው ዛር ሲሰፍርባት ታጓራለች፣ አንገቷ እንደ ወፍጮ ይዞራል። ከፊቷ ያለውን ረከቦት ግን አንድ ቀን እንኳ ስትገለብጥ አላየሁም። ፈረንሳዊው የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ውስጥ በባለዛሯ ወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት እየተመላለሰ ወራት ቆይቶ፣ በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን ከቲያትር ጋር አስተያየው፤ ግን የሚኖሩት ቲያትር ነው አለው። ልክ ይመስለኛል። ውሸት አይደለም፣ ራስን መሳትም አይደለም።

ዛር እኛን ቀድሞ ኩዌት ገብቷል። በባሪያ ንግድና በመርከብ ባሕር ተሻግረው ከመጡ ሰዎች ጋር ነው የገባው። ጠንቡራ የሚሉት መሣሪያቸው እንደ ክራራችን ባለ ስድስት አውታር ነው፤ መንጁር የሚባለውን የፍየል ሰኮና የተሰፋበትን መታጠቂያ ወገባቸው ላይ አስረው ያንኳኩታል። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ እናት፣ ሐጅያ የምላት አሮጊት፣ ሐበሻ መሆኔን ስታውቅ የጠየቀችኝ ስለ እንጀራ አልነበረም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዛር እናንተም አገር አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት፤ እጄን ይዛ አልለቅ አለች።

አንድ ማታ ዕጣኑን አጭሼላት ሳለ ቴሌቪዥኑ የጠንቡራ ጨዋታ አሳየ። ዓይኗ ተከደነ፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም። በዚህ መሐል ልጇ በሩን ከፍቶ ገባ። ሐጅያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ መንቀጥቀጧንም ሳታቆም፣ በግራ እጇ ከራሷ ላይ የተንሸራተተውን ሻሽ ስባ ሸፈነች።