ሳስትራ ካላ ጃታ

በደቡብ ሕንድ በኬረላ ግዛት ሳይንስን በዘፈን፣ በጭፈራና በአጫጭር ትያትር ለሕዝብ የሚያቀርብ ተዘዋዋሪ የኪነት ጉዞ። ስሙ በግርድፉ «የሳይንስና የኪነ ጥበብ ጉዞ» ማለት ነው። አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው ኬረላ ሳስትራ ሳሂትያ ፓሪሻድ ነው፤ የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ በማላያላም ቋንቋ የሳይንስ ጽሑፍ ማሰናዳት ነበር። መጽሐፍ ግን ፊደል ላልቆጠረ ሰው አይደርስም። በ1980 የተጀመረው ጉዞ ይህን ክፍተት በአገሬው ጨዋታ ሞላ። ከተጠቀመባቸው ስልቶች አንዱ ኦታንቱላል ነው፤ ፊቱን የተቀባ ተጫዋች በከበሮ እየታጀበ፣ እየጨፈረ ስንኝ የሚደረድርበት፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሹመኛንና ባለጸጋን ሲሸነቁጥ የኖረ ጨዋታ። ስለ ጤና፣ ስለ ደን ወይም ስለ አጉል እምነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ አፍ አይገኝም። ተጫዋቾቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ወጪው በአብዛኛው በየመንደሩ ከሚሸጡ መጻሕፍት ይሸፈናል። የደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነትን ያየ ሰው መልኩን ቶሎ ይለየዋል፤ እዚህ ግን አዘጋጁ መንግሥት አይደለም። ስልቱ የኬረላዋ ኤርናኩላም አውራጃ በ1990 ከመሃይምነት ነጻ መሆኗን ባወጀችበት የፊደል ዘመቻም አገልግሏል። ማኅበሩ በ1996 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብሏል።